ቆጣሪው በማን ስም ነው?

እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው ድምፅ ከወትሮው ቢለይባችሁ አትገረሙ። በሰፈራችን ከትናንት ማታ ጀምሮ መብራት ስለሌለ፣ ስልኬን ይዤ ወደ ጣና ዳር ወርጃለሁ። ከኋላዬ የሚጮኸው ወፍ ነው፤ ራቅ ብሎ የሚንደቀደቀው ደግሞ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ይመስለኛል። ስለ መብራት ሒሳብ ላወራ በተዘጋጀሁበት ቀን መብራት መጥፋቱን እኔ አላቀድሁትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ፌስታል ነው።

አምና ብድር ፈልጌ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ ደህና ማይክሮፎን እና እንደ ዛሬ ያለ ቀን የሚያገለግል ባትሪ የምገዛበት ነው። በከተማችን ወደሚገኝ አንድ አበዳሪ ተቋም ሄድሁ፤ ስሙ ይቅር። የደመወዝ ማስረጃ ተጠየቅሁ፣ ሰጠሁ። ዋስ ተጠየቅሁ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እሺ አለችኝ። ከዚያ ባለሙያው ቀና ብሎ «እኅቴ፣ ከዚህ በፊት ተበድረሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ «በሕይወቴ ተበድሬ አላውቅም» አልሁት። ፊቱ ላይ አድናቆት ጠበቅሁ። እሱ ግን አንድ ባዶ ሳጥን ውስጥ ሰረዝ አድርጎ አለፈ። ለካ እኔ እንደ ምግባር የምቆጥረው ነገር በእሱ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ነው። ተበድሮ የማያውቅ ሰው መመለሱም አይታወቅም።

እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ፌስታሉን ይዤ ተመለስሁ። በውስጡ የአራት ዓመት የመብራት ደረሰኝ ነበር፤ አንድም ወር አልጎደለም። በስልክ መክፈል ከመለመዱ በፊት የግቢያችን ተላላኪ እኔ ነበርሁ። ከአምስቱም ቤት ገንዘብ ሰብስቤ፣ ተሰልፌ፣ ከፍዬ፣ ደረሰኙን አስቀምጥ ነበር። «በየወሩ ዕዳዬን እንደምከፍል ይኸው ማስረጃው» አልሁት። ባለሙያው ትሑት ልጅ ነው፤ አልሳቀብኝም። ሦስት አራቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እዚህ ላይ የተጻፉት ሰው ማን ናቸው?» አለኝ።

«የቤቱ ባለቤት ናቸው።»

«ታዲያ እሳቸው ይምጡ።»

«አርፈዋል።»

ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ደረሰኞቹን በቅደም ተከተላቸው አስተካክሎ መለሰልኝ።

ጋሼ ልበላቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን መጥራት ተገቢ አይደለም። የአከራዬ ባለቤት ናቸው። እኔ ግቢው ስገባ ካረፉ ቆይተው ነበር፤ በአካል አላውቃቸውም። በመብራቱ ወረቀት ላይ ግን በየወሩ ይፈጃሉ፣ በየወሩ ይከፍላሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል እንዲህ ማለት መሆኑን አልጠረጠርሁም።

ከዚያ ቀን በኋላ የአክስቴን ልጅ ደወልሁላት። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። «እናንተ አገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ደረሰኝ ይቆጠርልኝ ነበር» አልኋት። ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። የእሷን ታሪክ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

የአክስቴ ልጅ ከአንድ አፓርታማ ወደ ሌላ ስትዛወር የመጨረሻው የመብራት ሒሳብ በአሮጌው አድራሻ ተላከ። 140 ዶላር ገደማ ነበር። አላየችውም፤ አልከፈለችም። ኩባንያው ጥቂት ወራት ጠብቆ ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት አስተላለፈው፤ ሰብሳቢው ደግሞ በብድር ታሪኳ ላይ አስመዘገበው። እሷ ያወቀችው መኪና ለመግዛት ስትሄድ ነው። ከዚያ በፊት ለስምንት ዓመታት የመብራት ሒሳቧን በቀኑ ከፍላለች። ያ የት ገባ? የትም። እዚያ አገር አብዛኞቹ የመብራት ኩባንያዎች በየወሩ የሚከፈላቸውን የሰውን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት የብድር መረጃ ድርጅቶች አያሳውቁም። ስም የሚነሳው ሳይከፈል ቀርቶ ወደ ሰብሳቢ ሲሄድ ነው፤ የተነሣው ስም ደግሞ እስከ 7 ዓመት ከመዝገቡ አይፋቅም። አበዳሪዎች ሰውን የሚመዝኑበት፣ በሰፊው የሚሠራበት የብድር ነጥብ ከ300 ጀምሮ 850 ላይ ያበቃል፤ ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው የሚመዘነው በክፍያ ታሪክ ነው። ስለዚህ አንዲት የተረሳች ወረቀት ቀላል ነገር አይደለችም።

ይህን ቅሬታ ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ከሦስቱ ትልልቅ የብድር መረጃ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኤክስፒሪያን በ2019፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ሰው በፈቃዱ የባንክ ሒሳቡን አገናኝቶ የመብራትና የስልክ ክፍያውን እንዲያስቆጥር የሚያስችል አገልግሎት ጀመረ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ብዙዎቹ የኃይል አቅራቢዎች በየወሩ በጎውንም ክፉውንም ያሳውቃሉ፤ እዚያ ያልተከፈለ ዕዳ ለ6 ዓመት ይቆያል። እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን የአክስቴ ልጅ የነገረችኝ ነው። «ጥሩ ሥራሽን ለማስቆጠር አንቺ ነሽ መመዝገብ ያለብሽ፤ ጥፋትሽን ለማስቆጠር ግን ማንም አያስፈቅድሽም።»

ወደ ቤታችን ልመለስ። ብሔራዊ ባንካችንም የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ከባንክና ከማይክሮ ፋይናንስ የተበደረ ሰው ታሪኩ እዚያ ይገባል፤ ሌላ ባንክ ብድር ሲጠየቅ ያያል። የመብራት ሒሳብ እዚያ አይገባም። እኛ ሳንከፍል ስንቀር ስማችን አይጠፋም፤ መብራታችን ይቆረጣል እንጂ። የካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው ዘንድ ደግሞ ይህም የለም፤ ካርዱ ሲያልቅ ጨለማ፣ ሲሞላ ብርሃን። ዕዳ የለ፣ ታሪክ የለ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «መግባት አለበት፤ መሬትና ቤት ለሌለው ሰው ማስያዣው ይህ ነው» ይላሉ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ፌስታል ይዛ የሄደች ሴት እንዴት ትጠላዋለች? ግን በየትኛው ግቢ ነው የምናወራው?

የእኛን ግቢ ላሳያችሁ። አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ቤት። አከራዬ እማማ፣ እኔ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖር እንጀራ ጋጋሪ፣ እና ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት። በየወሩ ሒሳቡ ሲመጣ የሚደረገው ድርድር ቢቀረጽ ከዚህ ፖድካስት ይበልጣል። በአምፖል ቁጥር ይከፈል የሚል አለ። በሰው ቁጥር የሚል አለ። ሁሉም የሚስማማበት አንድ ነገር ምጣዱ ብዙ መክፈል እንዳለበት ነው። እውነትም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ከ300 በላይ ማብራት ማለት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ ታውቃለች፤ ሳትከራከር ግማሹን ትከፍላለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የሚያናድደኝ እሱ ነውና። ታሪፉ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ ድሃው እንዳይጎዳ ተብሎ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው እርከን በ27 ሳንቲም ገደማ ተተወ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው፤ ጥቂት የሚፈጅ በርካሽ፣ ብዙ የሚፈጅ በውድ። መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም ቆጣሪው የሚያየው አንድ ቤት እንጂ አምስት ምስኪን አይደለም። ተማሪዎቹ አንድ አምፖልና ሁለት ስልክ ብቻ ይዘው በላይኛው እርከን ይከፍላሉ። ይኸው ቆጣሪ ነገ የብድር ታሪካችንን ይጻፍ ቢባል ምን ይጽፋል? አንድ የሞቱ ሰው፣ ብዙ ኃይል የሚፈጁ፣ አንዳንዴ የሚዘገዩ። መዘግየቱም የማን እንደሆነ አይናገርም። የጤፍ ዋጋ በናረበት ሰሞን እንጀራ ጋጋሪዋ ድርሻዋን በሁለት ሳምንት አዘገየች፤ ከፈለች፤ አንድም ሳንቲም አላጎደለችም። እኛ እናውቃለን። ወረቀቱ አያውቅም።

ደግሞ በጎን የሚሆን ነገር አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ተላላኪነቱ ከእኔ ወደ ባለባጃጁ ተላለፈ። ሁላችንም ጥሬ ገንዘብ እንሰጠዋለን፤ እሱ በስልኩ ይከፍላል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ያለ ማስያዣ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀመረ፤ መጠኑን የሚወስነው ደንበኛው በስልኩ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ባለባጃጁ ዛሬ የሚፈቀድለት ብድር ከእኔ ይበልጣል። በመብራታችን ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ቤንዚኑንም በዚያው ስልክ ነው የሚከፍለው። ሆኖም የአምስት ቤት ሐቀኝነት በአንድ ልጅ ስልክ ውስጥ መጠራቀሙን ሳስብ እስቃለሁ። ተቀይሜ አይደለም፤ ጎማ የቀየረው በዚያ ብድር ነው፣ እኔንም ማለዳ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ በዚያው ጎማ ነው።

እናቴ የተበደረችው አንዴ ብቻ ነው፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከአራት ጎረቤቶቿ ጋር በቡድን ዋስትና። አንዷ ካልከፈለች የቀሩት ይከፍላሉ። ያኔ የብድር ታሪክ የሚባለው ቡና ላይ ነበር የሚነበበው፤ ማን ዕድር ታጓድላለች፣ ማን ዕቁብ በልታ ጠፋች። ጨካኝ መዝገብ ነበር፤ አንዴ ስሟ የጠፋ ሴት 7 ዓመት ቀርቶ ዕድሜ ልኳንም ላይፋቅላት ይችላል። ቢሆንም የተሳሳተ ሰው ስም ላይ አይጽፍም ነበር።

መፍትሔ ብዬ ያሰብሁት ቀላል ነበር፤ ቢያንስ ቆጣሪው በሕይወት ባለ ሰው ስም ይሁን። እማማ ጋ ሄጄ «የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት እናውጣ፤ እኔ እሮጥልዎታለሁ፤ ቆጣሪውን በእርስዎ ስም እናዙረው» አልኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ቡና እየቆሉ ነበር፤ ማማሰያውን አላቆሙም።

«አንቺ ልጅ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ምን ሲል?»

«በር ላይ ቆሞ ስሙን ይጣራል። ከነአባቱ። ከቀብሩ ወዲህ በዚህ ግቢ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው እሱ ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ልትወስጅብኝ ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። ቡናው ደረሰ፤ ጠጣን። በዚህ ወር የእኔ ድርሻ 212 ብር ነው፤ ለባለባጃጁ ትናንት ሰጥቼዋለሁ።