ከተጠቃሚ የሚመጣ የረድፍ ገደብ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በሐዋሳ ሶፍትዌር የምትሠሩና የምትማሩ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ለማልጠቅሰው ድርጅት የሽያጭ መዝገብ የሚያሳይ ገጽ ሠርቼ ነበር። በአንድ ጊዜ 20 ረድፍ እንዲያሳይ ቁጥሩን ከአድራሻው ላይ አንብቤ፣ ሳልመረምር፣ ዳታቤዙን በምንጠይቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል፣ የረድፉን ብዛት ከሚወስነው ሊሚት ከሚባለው ቃል ጋር ቀጠልኩት። አንዲት ባልደረባዬ 20ውን አጥፍታ በምትኩ ኔጌቲቭ 1 ስትጽፍ መዝገቡ በሙሉ ተዘረገፈ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ነበር፤ በእርሱ ዘንድ ከዜሮ በታች የሆነ ሊሚት ገደብ የለም ማለት ነው። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤል ቢሆን ስህተት ብሎ ይመልሳት ነበር።

እሴትን ባይንድ ማድረግ፣ ማለትም ከትእዛዙ ጽሑፍ ለይቶ መስጠት፣ እንደሚገባ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ቁጥሩን በቀጥታ የመቀጠል ልማድ የመጣብኝ ፒኤችፒ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበት ፒዲኦ ከማይኤስኪውኤል ጋር ሲሠራ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ እሴቶቹን ራሱ ተክቶ ይልካል፤ ጥያቄውን በሚያስፈጽመው ኤግዚኪዩት የተሰጠውንም ሁሉ እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥር 20 በጥቅስ ምልክት ታጥሮ ይደርስና ጥያቄው ይወድቃል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይህን ስህተት ያየ ፕሮግራመር ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ባይንዱን ትቶ ቁጥሩን በቀጥታ ይቀጥላል፣ በዚያው ቀዳዳ የሌላ ሰው ትእዛዝ ይገባል። መፍትሔው እሴቱ ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ መሆኑን ባይንድቫልዩ በሚባለው የፒዲኦ ትእዛዝ መንገር ነበር።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ኔጌቲቭ 1ም፣ 50 ሚሊዮንም ኢንቲጀር ናቸውና። ስለዚህ ከ1 ያነሰውን ወደ 20፣ ከ100 የበለጠውን ወደ 100 የሚመልሰው ሰርቨሩ ይሁን፤ አሳሹ ላይ የተጻፈ ገደብ ማንም የሚያነሳው ነው። ኦፍሴትም፣ ማለትም ከመጀመሪያው የሚዘለሉት ረድፎች ቁጥር፣ እንዲሁ መገደብ አለበት፤ ዳታቤዙ የሚዘለላቸውን ረድፎች አብዛኛውን ጊዜ አንብቦ ነው የሚጥላቸው።

ሊሚት ያለ ኦርደር ባይ፣ ማለትም ረድፎቹን በቅደም ተከተል ከሚያስቀምጠው ትእዛዝ ውጭ፣ የትኞቹ ረድፎች እንደሚመጡ ዋስትና አይሰጥም። የአሞራ ገደል ዓሣ ግዢ መዝገብ አለን እንበል፤ በቀን ብቻ ብንደረድረው፣ በአንድ ጠዋት ከተመዘገቡት መካከል አንዱ በሁለት ገጽ ሊታይ፣ ሌላው ከሁለቱም ሊጠፋ ይችላል። ከቀኑ ቀጥሎ መለያ ቁጥሩን መጨመር ይህን ይዘጋል።

የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛ ገደቡን ባስገባሁ ማግስት ደውላ ሙሉውን መዝገብ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእርሷ ፈቃድ የሚጠይቅና ፋይሉን በክፍል በክፍል የሚያወርድ ሌላ ገጽ ሠራሁላት፤ የመጀመሪያው ገጽ ግን ከ100 አላለፈም።

አመሰግናለሁ።