በስምንተኛው ወር የደረሰ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ይህን ዝግጅት የምቀዳው ቱሉ ዲምቱ ከሚገኘው ቤቴ ሆኜ ነው። መስኮቱን ብዘጋውም ወደ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚያቀኑት የከባድ መኪኖች ድምፅ ሳይሰማችሁ አይቀርም፤ ዛሬ የምናገረው ስለ መንገድ ስለሆነ ግን ድምፁን ልከላከለው አልሞከርሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ታላቅ እህቴ ከፍራንክፈርት የደወለችልኝ ቀን ነው። ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ አብረን ጣልያን ሄደን መኪና ተከራይተን ነበር። ውሉ በእርሷ ስም የሆነው አከራዮች በተከራዩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ስለሚጠይቁና የመያዣውን ገንዘብ በዚያው ካርድ ላይ ስለሚያግዱ ነው፤ እኔ እንዲህ ያለ ካርድ የለኝም። እኔ ሁለተኛ አሽከርካሪ ሆኜ ተመዘገብሁ፣ ለዚህም ለየቀኑ ተጨማሪ ክፍያ ተከፈለ። ይህን ክፍያ ለማዳን ሲሉ ስማቸው ሳይጻፍ መሪ የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ፣ አታድርጉት፤ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ሰው ሲነዳ አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል፣ ዕዳውም በተከራዩ ላይ ያርፋል። ከአገሬ መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ይዤ ነበር። ይህኛው የዋናው መንጃ ፈቃድ ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ ስላልሆነ፣ ዋናውን ቤት ትቶ እርሱን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን እንደሄደ ይቆጠራል።

«ወንድምዓለም፣ ፍሎረንስ በገባን ማታ ሆቴሉን ስንፈልግ ስንት ጊዜ ነው የዞርነው?» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ መሰለኝ፣ እታለም፤ ምነው?»

«ሦስት ቅጣት ደርሶኛላ።»

በብዙ የጣልያን ከተሞች ጥንታዊው መሀል ከተማ ያለ ፈቃድ በመኪና የማይገባበት ክልል ነው። ኬላ የለውም፣ ዘበኛ የለውም። መግቢያው ላይ ዙሪያው ቀይ፣ መሀሉ ነጭ የሆነ ክብ ምልክት ቆሟል፣ ከበላዩም ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ተተክሏል። በየመግቢያው በመብራት የሚጻፈው «ቫርኮ አቲቮ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል ብዙ እንግዳ ያሳስታል፤ መግቢያው ክፍት ነው የሚል ይመስላል እንጂ፣ ትርጉሙ ቁጥጥሩ አሁን እየሠራ ነው፣ ስለዚህ አትግባ ማለት ነው። ካሜራው ያነበበው ታርጋ ፈቃድ ካላቸው መኪኖች መዝገብ ውስጥ ካልተገኘ ቅጣት ይጻፋል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ መኪናው በተመላለሰ ቁጥር እያንዳንዱ መግባት ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቆጠር ነበር። ሆቴሉ በክልሉ ውስጥ ከሆነ የእንግዳውን ታርጋ ለከተማው አስተዳደር ማስመዝገብ ይችላል። እኛ ግን ለሆቴሉ አልደወልንም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አልጠየቅንም።

ቅጣቱ የዘገየበት ምክንያትም አለው። ታርጋው የአከራዩ ስለሆነ ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ አከራዩ ይሄዳል፤ አከራዩም የተከራዩን ስምና አድራሻ ሰጥቶ፣ ይህን መረጃ ስለሰጠ የአገልግሎት ክፍያ ከካርዱ ይቆርጣል። እህቴ ይህ ገንዘብ ሲቆረጥባት ቅጣቱን የከፈለች መስሏት ዝም ብላ ነበር። ዋናው ቅጣት ግን ገና በመንገድ ላይ ነበር፤ የጣልያን ሕግ ከአገሩ ውጭ ለሚኖር ሰው ቅጣቱን ለማሳወቅ እስከ 360 ቀን ይፈቅዳል። ደብዳቤው በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ለሚከፍል ሰው 30 በመቶ ስለሚቀነስ፣ ለእኔ ከመደወሏ በፊት ከፍላ ጨርሳ ነበር።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ለረጅም ጊዜ ያሰብሁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። ያንን ቀይ ክብ ምልክት አውቀዋለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስፈተን ከሸመደድኋቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ታዲያ ለምን ገባሁ? ምሽቱን ደጋግሜ ሳስታውሰው መልሱን አገኘሁት፦ ከፊቴ አንድ ታክሲ ገባ፣ እኔም ተከተልሁት። ታክሲው የመግባት ፈቃድ ነበረው፤ እኔ አልነበረኝም። በአገሬ መንገድ ለዓመታት የነዳሁት እንደዚያ ነው፤ የማነበው ምልክቱን ሳይሆን ከፊቴ ያለውን መኪናና ከመታጠፊያው የቆመውን ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሕግ ለእኔ ሰው ነበር። ሰው ደግሞ ይለመናል፣ ይቅር ይላል፣ አንዳንዴም በቦታው አይገኝም። ካሜራው በቦታው አለ፤ «በእናትህ፣ ለዛሬ እለፈኝ» የሚባልም አይደለም።

ዘመዶቻችን በሚኖሩባቸው አገሮች ሁሉ ሕጉ የየራሱ ጠባይ አለው። በዱባይ ቀይ መብራት የጣሰ ሰው 1,000 ድርሃም ይቀጣል፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ 12 ጥቁር ነጥብ፣ ማለትም የጥፋት ነጥብ፣ ይመዘገብበታል፣ መኪናውም ለ30 ቀን ይታገዳል፤ መኪናው የኪራይ ከሆነ ቆሞ የሚከርምበት ሒሳብ ለማን እንደሚዞር አስቡት። የዱባይ ካሜራዎች ከተጻፈው ፍጥነት በላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲታገሡ፣ አቡዳቢ ይህን ትዕግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 አንሥታለች፤ ስለዚህ በአንድ አገር፣ በአንድ ጉዞ ውስጥ፣ ከዱባይ የለመዱት ፍጥነት አቡዳቢ ሲገቡ ጥፋት ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂንያ ናት። እዚያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የነዳ ሰው በግዴለሽ አነዳድ የሚከሰስ ሲሆን፣ ይህም ተራ የትራፊክ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር የሚያደርስ ወንጀል ነው። ወደ ኬንያ የሚሻገር ሰው ደግሞ በግራ መንዳት ይኖርበታል፤ እኛም ብንሆን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምንነዳው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ፣ ወደ ፊት ትራፊክ ፖሊስ ካለ ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር መብራቱን ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቃል፤ እኔም ለማላውቃቸው ሰዎች እንደዚያ አደርግ ነበር፣ ደግነትም ይመስለኝ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። ያ ብልጭታ የሚለው «ፖሊሱን እስክታልፍ ቀስ በል» ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ በእግር የሚያቋርጡት መንገድ አለ፣ እዚያ የሚቆም ፖሊስ ግን የለም። ይህን ነገር ለመረዳት ከአገር መውጣቴና የእህቴን ገንዘብ ማስወጣቴ በጣም ያሳዝነኛል።

ገንዘቡን ልመልስላት ብልም እንቢ ብላኛለች፤ በገና ስትመጣ እንደገና እሞክራለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ሐሙስ ለሥራ ወደ ዱባይ ይሄዳል፣ መኪና ሊከራይም አስቧል። ይህን ቀረጻ እንደጨረስሁ እቤቱ ሄጄ የኪራይ ውሉን አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን።