ግራ እጅህን ኪስህ ክተተው

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖው ክፍት ነው፣ ግን ቶሎ አልነካውም። መጀመሪያ ትንሽ ላውራ።

ድሮ የጃዝ ስታንዳርድን (ጃዝ ተጫዋች ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን) በላቲን ስልት መጫወት ቀላል ይመስለኝ ነበር። ግራ እጅን ማወዛወዝ፣ ኮርዶቹን (አብረው የሚመቱትን ኖታዎች) ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ፣ በቃ። አንድ ቀን ከአንድ ኮንጋ መቺ ጋር ተቀመጥን። ስምንት ባር እንኳ ሳንሄድ እጁን ከከበሮው አነሳና «ግራ እጅህን ኪስህ ክተተውና አጨብጭብ» አለኝ። ማጨብጨቡም አቃተኝ!

እስቲ አብረን እንሞክረው። ሁለት ባር፣ እያንዳንዱ አራት ምት። በመጀመሪያው ሁለትና ሦስት ላይ እናጨበጭባለን። በሁለተኛው አንድ ላይ፣ ከዚያ በሁለትና በሦስት መሃል፣ ከዚያ አራት ላይ። አምስት ጭብጨባ። የኩባ ሙዚቃ የሚቆምበት ክላቬ ማለት ይሄ ነው። ሦስት ጭብጨባ ካለበት ባርም መጀመር ይቻላል፤ አንዴ ከያዛችሁት ግን መሃል ላይ አትገልብጡት፣ ከበሮ መቺው ወዲያው ያውቅባችኋል።

የኩባ ምትና ጃዝ ከተጋቡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ኒውዮርክ ላይ ኩባዊው ሙዚቀኛ ማሪዮ ባውሳ «ታንጋ» የሚባለውን ሙዚቃ ሠራ፤ በ1947 ደግሞ አሜሪካዊው ጃዝ ጥሩምባ ነፊ ዲዚ ጊሌስፒ ኩባዊውን ከበሮ መቺ ቻኖ ፖሶን ከነኮንጋው ባንዱ ውስጥ አስገባው።

አሁን ከስታንዳርዶቹ አንዱን፣ «ኦተም ሊቭስ»ን እንውሰድ። ዜማው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ላይ ሦስት ኖታ ያስቀምጥና በሚቀጥለው ባር አንድ ላይ ረጅሙን ያሳርፋል። አጨብጭባችሁ ዘምሩት። ሁለቱ ጭብጨባ ከመነሻዎቹ ኖታዎች ጋር፣ ሦስቱ ከረጅሙ ጋር ቁጭ ይላል። ታድላችኋል፣ ሁሉም ዘፈን እንዲህ አይመችም፤ አንዳንዱን ዜማ ግማሽ ምት ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ የግድ ነው። የስዊንጉን (የጃዙን የተለመደ ውዝዋዜ) ረጅም-አጭርም እርሱት፣ ኖታዎቹ እኩል እኩል ይሁኑ።

ያስቸገረኝ ግን ግራ እጅ ነው። ቱምባዎ የሚባለው የቤዝ አካሄድ በሁለትና በሦስት መሃል ይመታል፣ ከዚያ አራት ላይ የቀጣዩን ኮርድ ኖታ ቀድሞ ይመታና ይዞት ይሻገራል። ስለዚህ ሦስተኛዋ የዜማ ኖታ ስትሰማ ግራ እጃችሁ ቀድሞ ደርሷል፣ አንድ ላይ ግን ምንም አይመታም። እኔ ያቺን ባዶ ቦታ ፈርቼ ለወራት አንዷን እየደበደብኩ ነበር።

ቦሳ ኖቫ ሌላ ቤት ነው፣ ብራዚል፣ ለስለስ ያለ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪዮ ላይ የተወለደ። ስታንዳርዱን ሁሉ ወደ ቦሳ መጎተት ግን ስንፍና ነው (እኔም አድርጌዋለሁ)። ዘገም ላለው ቦሌሮ፣ የኩባው ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን ስልት፣ ይሻላል። ፈጠን ላለው ደግሞ ሞንቱኖ፦ ሁለቱም እጅ በኦክታቭ (ያንኑ ኖታ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ አድርጎ) እየተያያዘ ያንኑ ሐረግ ይደጋግማል፣ ሶሎ የሚጫወተው ሰው እሱ ላይ ይጋልባል።

እሺ፣ ልቀመጥ። ሁለት ጭብጨባ ካለበት ባር ነው የምንጀምረው። እኔ ብስት እንኳ እናንተ ጭብጨባውን እንዳታቆሙ።