ችግኝ አንግዛ፤ ቆርጠን እናጽድቅ

የተከበራችሁ የግቢያችን ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። እሁዳችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የግቢ ውበት ኮሚቴው ስለ ክረምቱ ተከላ እንድናገር ጠይቆኛል። በአጀንዳው ወረቀት ላይ «ለችግኝ ግዢ መዋጮ» የሚል ነገር አለ። እኔ የመጣሁት ይህ መዋጮ ዘንድሮ እንዳይሰበሰብ ለመጠየቅ ነው። ገንዘብ ስለሌለን አይደለም። ልንገዛው ያሰብነው ነገር እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ስላለ ነው። ጽጌረዳው አለ። ጄራኒየሙ አለ። የጥብስ ቅጠሉ፣ ጤና አዳሙ፣ አሪቲው፣ ናናው በየበረንዳችን ሞልቷል። የቀረን ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በየቤቱ ብር ተዋጣ። ችግኝ ከመንገድ ዳር ተገዛ። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ተተከለ፣ ፎቶ ተነሣን። የሠፈራችንን የቱሉ ዲምቱን አፈር ግን እናውቀዋለን። የአቃቂ ሜዳ ዋልካ ነው። ክረምት ውሃውን ይዞ አይለቅም። በጋ ሲመጣ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ጤፍና ሽምብራ ይችሉታል። በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ያደገ ችግኝ ግን አልቻለውም። ጉድጓዱ ኩሬ ሆነ፣ ሥሩ አየር አጣ፣ በሰበሰ። መስከረም ሲጠባ ቆሞ የቀረው እንጨቱ ነበር።

እሱም ቢሆን ያን ያህል አላንገበገበኝም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እሱን ዛሬ ሳልናገር አልወርድም።

ምድር ቤት የሚኖሩት እናታችን እዚህ መሃላችን ተቀምጠዋል። ታሪካቸውን የምናገረው ፈቅደውልኝ ነው። ከአራት ኪሎ ሠፈራቸው የተነሡ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ቁም ሣጥኑና ስለ ምጣዱ ይጨነቅ ነበር። እሳቸው ማልደው ተነሥተው ወደ ደጃፋቸው ጽጌረዳ ሄዱ። እናታቸው የተከሉት ጽጌረዳ ነው። እሳቸው ሲዳሩ ነበረ፣ ልጆቻቸው ክርስትና ሲነሡም ነበረ። እርሳስ የሚያህሉ ዘንጎች መረጡ። ያበበውን አልነኩም፤ አበባው ረግፎ ያለፈበትን ነው የቆረጡት። በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት። በፌስታል አሰሩት። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገውት መጡ።

እዚህ ሲደርሱ ቤቱ ገና በር እንኳን በወጉ አልተገጠመለትም። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ደረጃው ሥር ተቆልሎ ነበር። ከዚያ ወሰዱ። አጠቡት። የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጠው ታቹን በስተው ሞሉት። ዘንጎቹን ሰክተው ከደረጃው ጥላ ሥር አስቀመጡት። ብዙዎቻችን በዚያ በኩል ስንወጣና ስንወርድ እናየው ነበር። «ይሄ እንጨት ምን ይሆናል?» ያሉም ነበሩ። እሳቸው ዝም አሉ። አልነቀሉም፣ አላነቃነቁም፣ ፀሐይ ላይ አላወጡም። ከዘንጎቹ ከፊሉ ደረቀ፣ የቀረው ጸደቀ። በኋላ ከዋናው በር አጠገብ ከፍ ያለ መደብ ሠርተው ተከሉት። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ ይሸተን የነበረው ጽጌረዳ ያ ነው።

ባለፈው ክረምት ግቢውን እንዲያጸዱ የተቀጠሩ ሰዎች መጡ። ማንንም አልጠየቁም። ጽጌረዳውን ከሥሩ ነቀሉት። የሌላውን ተክል ቅርንጫፍ ሁሉ ከርክመው በጆንያ አጨቁት። ከቆሻሻው ጋር ተጭኖ ሄደ። በዚያው ሳምንት፣ ልብ በሉልኝ፣ በዚያው ሳምንት የጽጌረዳ ችግኝ በገንዘባችን ተገዝቶ በዚያው በር ገባ!

ከዘር የበቀለ ተክል የእናቱ ልጅ ነው፤ ከእናቱ ሊለይ ይችላል። ከቅርንጫፍ የጸደቀ ተክል ግን ራሷ እናቲቱ ናት። ቀለሙ ያው፣ ሽታው ያው፣ እሾሁም ያው ነው። የአራት ኪሎው ደጃፍ ዛሬ የለም። እናት ተክሏ የለችም። በራችን አጠገብ የነበረውም ተነቀለ። ያ ጽጌረዳ እስከ ዛሬ የተረፈው እናታችን ቀደም ብለው አራተኛ ፎቅ ላለችው ጎረቤታችን አንድ ዘንግ ቆርጠው ስለሰጧት ነው። በረንዳዋ ላይ አለ። ሄዳችሁ እዩት። ባይሰጧት ኖሮ አልቆ ነበር!

ስለዚህ በግልጽ እጠይቃለሁ። የተከረከመ ቅርንጫፍ ቆሻሻ ነው ያለው ማን ነው? በዚህ ግቢ ውስጥ መቀስ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ያስታውቅ። ይህ በውሉ ላይ ይጻፍ። የተከረከመውም ጆንያ ውስጥ ሳይገባ መጀመሪያ ለነዋሪው ይቅረብ። ከፋዮቹ እኛ ነን፤ ተክሉም የእኛ ነው!

ይህ የድሃ ዘዴ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ቆቃ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎች ሥር ያላወጣ የጄራኒየምና የሌላ አበባ ቁራጭ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ። እዚያ ሥር ያስወጡለታል፣ በማሰሮ አድርገው ይሸጡታል። እኛው አገር ተቆርጦ የሄደ ቅርንጫፍ ነው የአውሮፓን በረንዳ የሚያሳምረው። ገጠር ያደግን ደግሞ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገንም። የአያቶቻችን አጥር ስሚዛና ቅንጭብ ነበር። ቆርጠው ይሰኩታል፣ ይጸድቃል፣ ከብት አያሳልፍም። ከተማ ስንገባ ረሳነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

የሚቆረጠው ጠዋት ነው፤ ተክሉ ውሃ ጠግቦ የሚገኘው ያኔ ነው። ጤነኛ ተክል ምረጡ። የታመመ ተክል ቁራጩም ይታመማል። ቢላዋው የተሳለ ይሁን፣ በአልኮል ይጠረግ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ልክ ቅጠል ከሚወጣበት ከአንጓው በታች ቁረጡ፤ ሥር በቀላሉ የሚወጣው ከዚያ አካባቢ ነው። የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላይኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡ አናትና እግሩ አይምታታባችሁም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተክል ቀንበጥ ላይ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይመረታል። ጉዞው ከላይ ወደ ታች ነው። ስንቆርጠው መውረጃ ያጣና ቁስሉ ዘንድ ይጠራቀማል። «ሥር አውጣ» የሚለው ምልክት የሚመጣው ከእሱ ነው። በገበያ የሚሸጠው የሥር ማውጫ ዱቄትም የዚሁ ሆርሞን ዘመድ ነው። ለጽጌረዳ ይረዳል። ለናና፣ ለጄራኒየም፣ ለጥብስ ቅጠል ግን ብር አታውጡበት።

የታችኛውን ቅጠል አንሡ፤ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ይቅር። አበባና እንቡጥ ካለው ቁረጡት፣ ጉልበቱን ይበላበታል።

አፈሩን በተመለከተ፣ ዋልካ በፍጹም! ባለፈው ክረምት አይተነዋል። ግማሽ የታጠበ አሸዋ፣ ግማሽ የተብላላ ብስባሽ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ አትጨምሩ። ዕቃው ታቹ የተበሳ ይሁን። ሥር የሌለው ዘንግ ከጥማት ይልቅ የሚሞተው በውሃ ብዛት ነው። አፈሩ በእጅ ሲነካ እርጥብ ከሆነ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

ቅጠሉ ግን ውሃ ያተናል፤ የሚተካለት ሥር የለም። ስለዚህ ይሸፈናል። የሃይላንድ ፕላስቲክ ታቹን ቆርጣችሁ ድፉበት። ክዳኑን በቀን ትንሽ ከፍታችሁ አናፍሱት። ብርሃን ያለበት ጥላ ላይ አስቀምጡት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካደረጋችሁት በፕላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል።

አሁን የምናገረውን ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ አትርሱት። ቅጠል ማውጣት ሥር ማውጣት አይደለም! የጽጌረዳ ዘንግ በተሰካ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀይ ቀንበጥ ያወጣል። ሰው ደስ ይለዋል። «ጸደቀልኝ» ብሎ ሽፋኑን ያነሣል፣ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ወደ ሌላ ማሰሮ ያዛውረዋል። በሳምንቱ ጠውልጎ ይሞታል። ያ ቀንበጥ የወጣው በዘንጉ ውስጥ ከተቀመጠው ምግብ ነው። መንገደኛ በያዘው ስንቅ እንደሚሄድ ማለት ነው፤ ስንቁ ሳያልቅ ሥር መድረስ አለበት። የአብዛኛው ሰው ዘንግ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። «እጄ አይጸድቅም» የሚሉ እህቶቻችን አሉ። እጃቸው ምንም አልሆነም። ቸኩለው ነው።

ታዲያ ሥር ማውጣቱን በምን እናውቃለን? ነቅሎ ማየት የለም። የሚወጣው ሥር ክር ያህል ቀጭን ነው፤ ሲነቀል ይበጠሳል። ዘንጉን በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ወደ ላይ ሞክሩት። ከያዘ፣ ሥር አለው። ከላላ፣ ተዉት። ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊወስዱ ይችላሉ። ብርድ ሲሆን ይዘገያሉ። ለዚህ ነው በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መጀመር የማልመክረው። ሰኔና ሐምሌ አየሩ እርጥብ ነው፣ ፀሐዩ ለስላሳ ነው። ዝናቡ በቀጥታ እንዳይመታው ብቻ ከጣሪያ ሥር ይሁን።

ናናና በሶብላ ለልጆች ስጧቸው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሥር ሲያወጡ በዓይናቸው ያዩታል። ውኃው በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይለወጥ። ሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ወደ አፈር ይግባ፤ ብዙ ከቆየ አፈሩን መልመድ ይከብደዋል።

ጄራኒየም ከመሰካቱ በፊት ቁስሉ ጥቂት ሰዓት ይድረቅ። ሬት ደግሞ ጥቂት ቀናት ይፈልጋል።

ቅንጭብ የምትቆርጡ ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ወተቱ አደገኛ ነው። ልጆች አይንኩት።

አቮካዶ በዚህ መንገድ አትድከሙ፤ እሱ ቅርንጫፉ በሌላ ችግኝ ላይ ተጣብቆ የሚዳቀል ነው። የወፍ ቆሎንም አበባው አምሮ ቢታያችሁ አታባዙት። ወራሪ ነው፣ ካመለጠ አይመለስም።

አንዳንዶች «ታዲያ ዘንድሮ ግቢው ባዶ ሊቀር ነው?» ትሉ ይሆናል። እውነቱን ልናገር። ጽጌረዳው ዘንድሮ ግቢውን አይሞላም። በሰኔ የተሰካው መስከረም ላይ ሥር ይዞ ማሰሮ ውስጥ ይሆናል። በጋውን በረንዳችን ላይ በቅርብ እናጠጣዋለን። በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ ጠንክሮ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ያም ውሃው እንዲወርድ በተሠራ ከፍ ያለ መደብ ላይ እንጂ ዋልካ ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ዘንድሮ ተክለን ዘንድሮ ከምንቀብር አንድ ዓመት ብንጠብቅ ይሻለናል። ለፎቶ የሚተከል ተክል በቃን!

ለጉባኤው የማቀርበው ውሳኔ ይህ ነው። አንደኛ፣ የችግኝ መዋጮው ዘንድሮ ይቅር። ሁለተኛ፣ ያለ ማስታወቂያ መከርከምና መንቀል ይከልከል፣ በጽዳት ውሉም ላይ ይግባ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ዓይነት ተክል ያጽድቅ። ከጸደቀው አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለግቢው፣ አንዱን ለጎረቤት ያድርግ። እጃችሁን እንድታወጡ ሰብሳቢያችን ይጠይቁልኝ።

ውሳኔው ከጸደቀ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሮቶው አጠገብ እንገናኝ። አሸዋውን ወጣቶቹ ያጥባሉ። የተሳለ ቢላዋ ያለው ቢላዋ፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ ያለው ፕላስቲክ ይዞ ይምጣ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ከጽጌረዳው ለመቁረጥ ፈቅዳለች። የመጀመሪያው ዘንግ ለምድር ቤቷ እናታችን ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ ነው።

አመሰግናለሁ።