ያጠብንበት ውሃ የት ሄደ?

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ቃል የገባሁላችሁ የእንቅልፍ ጉዳይ ለሚቀጥለው ፕሮግራም ይቆየን። ዛሬ አንድ ጥያቄ ከንክኖኝ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ያቺን ስስ ፊልም ታውቋታላችሁ፣ ከሴሉሎስ፣ ማለትም የተክል አካል ከሚገነባበት ክር፣ በቤተ ሙከራችን የምንሠራትን፤ በየፕሮግራሙ ስሟ ሳይነሳ አያልፍም። ደረቀች! ከሳህኑ ላይ ቀስ ብዬ ላጥኳትና ወደ ብርሃን ያዝኳት። ፊት ለፊት ስታዩዋት አረንጓዴ ናት፣ ዘንበል ስትል ሰማያዊ ትሆናለች። አንድ ጠብታ ቀለም አልገባባትም። የተሠራችው ከሴሉሎስ ናኖክሪስታል ነው፤ ይህም ውፍረቱ ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነ ዘንግ ነው፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ዘንጎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ፣ እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው ትንሽ ዞር ብሎ ይተኛል፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በሉት። ቀለሙን የሚያወጣው ያ አደራደር ነው። ፖሊያ ኮንደንሳታ የምትባል የአፍሪካ ጫካ ተክል አለች፣ ፍሬዋ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ነው፣ ምስጢሩም ይኸው የሴሉሎስ አደራደር መሆኑን ተመራማሪዎች በ2012 አሳይተዋል። ፍሬዋ ደርቆ እንኳ ቀለሙ አይለቅም። ስለሷ ብቻ አንድ ፕሮግራም መሥራት ነበረብኝ... ልመለስ።

ፊልሟን ይዤ ቆሜያለሁ። አብራን የምትሠራው ልጅ፣ አዲሷ፣ ጠጋ ብላ አየቻት። "በጣም ታምራለች" አለች። ከዛ ዓይኗን ሳትነቅል፣ "ያጠብንበት ውሃ ግን የት ሄደ?"

ነገር ፍለጋ አይደለም፣ ድምጿ ላይ ምንም የለም። ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም "አሲዱን ገለልተኛ አድርገን ነው የምናስወግደው" አልኳት። እውነት ነው። "እሺ" ብላ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ያቺ "እሺ" ናት ያልለቀቀችኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ምግብ እየበላሁ፣ እደግማታለሁ።

ምክንያቱም አስቡት። ሴሉሎሱን 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ፣ 45 ዲግሪ ላይ ነው የምናበላው። አሲዱ የላላውን ክፍል ይበላል፣ ክሪስታሉ ይተርፋል። ለአንድ ግራም ሴሉሎስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር አሲድ ይሄዳል። ከዛ ብዙ ውሃ ይደፋበታል፣ ሴንትሪፉጅ በሚባል ፈጣን ማሽከርከሪያ ይለያል፣ ለቀናት በዲያሊሲስ፣ ማለትም አሲዱን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ ይታጠባል። አሲዱን ገለልተኛ ስታደርጉት ደግሞ ጨው ይሆናል እንጂ ጠፍቶ አይጠፋም። የሟሟው ስኳርም አብሮ ይፈሳል። እና እኛ መድረክ ላይ ወጥተን የምናወራው ፊልሟ አፈር ውስጥ ገብታ እንደምትበሰብስ ነው። ትበሰብሳለች፣ እሱን አልክድም፣ ለዚህም ነው ይህን ሥራ የምወደው። ፕላስቲክ የማይችለውን ትችላለች።

በአሲድ ፋንታ በማሽን ይሁን የምትሉ አላችሁ። በ1970ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ተርባክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የእንጨት ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት ድቁስ) በከፍተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲያሳልፉ ጄል የመሰለ ነገር አገኙ። ናኖፋይበሩ፣ ማለትም ከክሪስታሉ የሚረዝመው ቀጭን የሴሉሎስ ክር፣ እንዲህ ተጀመረ። ግን የሚበላው ኤሌክትሪክ ጉድ ነው፣ ማሽኑም ይደፈናል። ከዛ የቶኪዮው የአኪራ ኢሶጋይ ቡድን ቴምፖ በሚባል ኬሚካል ፋይበሩን አስቀድሞ ማላላት እንደሚቻል አሳየ፣ ኃይሉ በጣም ቀነሰ፣ በ2015 የማርከስ ዋለንበርግ ሽልማት ተሰጣቸው። ይገባቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን በዛ መንገድ ላይ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለ፣ ያው በረኪና ውስጥ ያለው። ከአንዱ ስታመልጡ ሌላው ይጠብቃችኋል። ኢንዛይምም አለ፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ግን ትዕግስት ይጠይቃል።

ሌላ የሚያናድደኝ ነገር ልንገራችሁ። ጥሬ ዕቃው "የእርሻ ቆሻሻ" ነው ይባላል። ገለባ፣ አገዳ፣ የሙዝ ግንድ። ማን ነው ቆሻሻ ያለው? ገለባ ከብት ይበላዋል፣ ካልተበላም አፈሩን ያዳብራል። ደግሞም ሊግኒኑን፣ ያንን ተክሉን የሚያጠነክረውን ነገር፣ ለማውጣት እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ አልካሊ ያስፈልጋል፣ ከዛ ማንጣት፣ ከዛ እንደገና ማጠብ። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ።

ደህና... ተስፋም አለ። በሰልፈሪክ አሲዱ ፋንታ ኦክሳሊክ አሲድ ብንጠቀም፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ክሪስታል ስለሚሆን አጥልሎ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። ይህን ለልጅቷ ስነግራት ፊቷ ፈካ፣ እኔም ደስ አለኝ። እንሞክረዋለን ተባብለናል። በሱ የሚገኘው ግን በአብዛኛው ፋይበር ነው እንጂ ክሪስታሉ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ያቺን ቀለም... አላውቅም፣ ምናልባት ቀለሟን መተው ሊኖርብን ነው። መተው እችላለሁ? ለማሸጊያ ከሆነ ቀለም ማን ይፈልጋል፣ ኦክስጅን ካላሳለፈች ይበቃል፣ እሱንም ቢሆን የምትችለው አየሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ነው፣ እርጥበት ሲነካት ኦክስጅኑን ታሳልፋለች፣ ያንን ለመከላከል ደግሞ ሌላ ነገር መቀባት... የሚቀባው ነገር ደግሞ መበስበሷን ከከለከለ...

እና ማድረቁስ? ጄሉ እኮ 98 በመቶ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ዝም ብለው ካደረቁት እርስ በርሱ ተጣብቆ ወደ ናኖ መጠኑ አይመለስም፣ ካላደረቁት ደግሞ በመኪና የሚጫነው ውሃ ነው፣ ስለሱ እኮ ገና አልጀመርኩም፣ እሱ ራሱን የቻለ...