ካፕ ኮምፎርተር፦ ሻርፕም ኮፍያም የሚሆነውን የወታደር ሹራብ መለየትና መልሶ መሥራት

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካኪ ሹራብ]

ይህን ሹራብ የማያውቅ ሰው አጭር ሻርፕ ነው ብሎ ያልፈዋል። ወርዱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ቁመቱ አንገትን አንድ ጊዜ ዞሮ ደረት ላይ ከመድረስ አያልፍም። አንዱን ጫፍ ወደ ሌላው ስትከቱት ግን ኮፍያ ይሆናል። በእንግሊዝ ጦር ስሙ ካፕ ኮምፎርተር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሌሊት ከምሽግ ወጥተው ድንገተኛ ጥቃት የሚያደርሱ ወታደሮች የብረት ቆባቸውን ትተው ይህን ያደርጉ ነበር። ሱፍ ሽቦ ቢነካው ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋሙት የእንግሊዝ ኮማንዶዎችም አረንጓዴው ቤሬት (ለስላሳ ክብ ቆብ) በ1942 እስኪመጣላቸው ድረስ መለያቸው አደረጉት። ስኮትላንድ ውስጥ ስፒን ብሪጅ አጠገብ የቆመውና በ1952 የተመረቀው የኮማንዶ ሐውልት ላይ ሦስቱም ወታደሮች ይህንኑ አድርገዋል። አስተጣጠፉን ለማጥናት የሐውልቱን ፎቶ ከጎንና ከኋላ ፈልጋችሁ እዩ፤ የጠርዙ እጥፋት በነሐሱ ላይ በደንብ ይታያል።

[ምስል፦ የሹራቡ ንድፍ፣ ሁለቱ የተዘጉ ጫፎች በቀይ]

አሠራሩን እንረዳ። ካፕ ኮምፎርተር በክብ የተሠራ ቱቦ ነው። ቱቦው ጠፍጥፎ ሁለቱም ጫፎቹ ቀጥ ብለው ይዘጋሉ። አንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ሌላኛውን ሲነካ ባለ ሁለት ድርብ ኮፍያ ይሆናል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ሲታጠፍ ደግሞ ግንባርና ጆሮ ላይ አራት ድርብ ይመጣል። ብዙ ቅጂዎች የሚበላሹት ይህን በመርሳት ነው። ወፍራም ክር በእጅ ሲያዝ ያምራል፤ በአራት ተደርቦ የብረት ቆብ ሥር ሲገባ ግን ቆቡን ከራስ ላይ ያነሳዋል። ሌላው ስሕተት የኮፍያውን አናት እንደ ዘመናዊ ኮፍያ ሰብስቦ ማጥበብ ነው። የእውነተኛው አናት ቀጥ ያለ ስፌት ነው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ማዕዘን ይወጣለታል። አናቱ ከተሰበሰበ ሻርፑ ጠፋ ማለት ነው።

[ምስል፦ ነጭ የጥጥ ምልክት፣ በቅርበት]

ገዝታችሁ ለምትሰበስቡ መጀመሪያ የሚታየው ሹራቡ ላይ የተሰፋው የጥጥ ጨርቅ ነው። የአምራቹ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የመንግሥት ንብረት መለያ የሆነው ቀስት ይታተምበታል፤ ቀስቱ ሦስት መስመሮች ወደ ላይ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙበት ነው። ምርቱ ከጦርነቱ በኋላም ስለቀጠለ ቀስት መኖሩ ብቻ የ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው አያሰኝም፣ ዓመቱን አንብቡ። 13 አሃዝ ያለው የኔቶ የዕቃ መለያ ቁጥር ካለበት የዓለም ጦርነት ዘመን ዕቃ ሊሆን አይችልም፤ ኔቶ ራሱ የተመሠረተው በ1949 ነው።

ምልክቱ ከጠፋ ወደ ክሩ እንሄዳለን። ከማይታይ ቦታ የተነሳ አንድ ክር በመቆንጠጫ ውሰዱና አቃጥሉት። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የጥቁር መብራት (የአልትራቫዮሌት) ምርመራ ግን ብቻውን አይታመን። የዘመናችን ነጭ ክርና ጨርቅ በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ያበራል፣ እውነት ነው፤ ሆኖም አሮጌ ዕቃ በዘመናዊ የዱቄት ሳሙና አንድ ጊዜ ከታጠበ እሱም ያበራል። ስላበራ አትጣሉት፣ ስላላበራም ቸኩላችሁ አትግዙ።

[ምስል፦ ሦስት የሱፍ ክሮች፣ መስኮት አጠገብ]

አሁን ወደ ሥራው። የሚያስፈልገን 150 ግራም መቶ በመቶ የበግ ሱፍ ክር ነው፣ 50 ግራሙ 200 ሜትር አካባቢ የሚሆን። ሥራው ራሱ ከዚያ ያነሰ ይበላል፤ ትርፉ ለናሙናና ለመስፊያ ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ፈትል የተገመደበት ይሁን። ባለ አንድ ፈትል ክር ግምዱ ሚዛን ስለሌለው ቱቦው ቀስ በቀስ ይጠመዘዛል፣ ያንን ደግሞ እጥበት አያቃናውም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀ ሱፍም አትግዙ። የፀጉሩ ቅርፊት በኬሚካል የተነሳለት ወይም የተሸፈነለት ስለሆነ ያብረቀርቃል፣ ሲርስም ይለጠጣል፤ አሮጌው ሹራብ እንደዚያ አይደለም። ቀለሙን በቀን ብርሃንም በአምፖልም አስተያዩት። በአንዱ ብርሃን ከካኪው ጋር የገጠመ ክር በሌላው አረንጓዴ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

መርፌው 3 ሚሊ ሜትር፣ ሁለቱ ጫፎቹ በገመድ የተያያዙ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ መርፌ።

ቀጥሎ ናሙና። በዚሁ መርፌ ወርዱም ቁመቱም 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሥሩ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን የክር ቀለበቶች ቁጠሩ። የምንፈልገው ወደ ጎን 26፣ ወደ ላይ 36 ረድፍ ነው። ሳይታጠብ የተቆጠረ ናሙና ዋጋ የለውም፤ ሱፍ ውኃ ሲያገኝ ይከፈታል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ ነገር ግን 130 ቀለበት በ26 ሂሳብ 50 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ይሰጣል፣ በ24 ከሆነ 54 ሆኖ ዓይን ላይ ይወርዳል፣ በ28 ደግሞ 46 ሆኖ ግንባር ይቆነጥጣል። ቁጥሩ ካነሰ መርፌውን ወደ 2.75 ዝቅ፣ ከበዛ ወደ 3.25 ከፍ አድርጉ።

[ምስል፦ መርፌው ላይ የተደረደሩ ቀለበቶች፣ ከላይ]

130 ቀለበት ጀምሩ። ክቡን ከመግጠማችሁ በፊት መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና የጅማሬው ጠርዝ ዙሪያውን ሁሉ ወደ ውስጥ መመልከቱን አረጋግጡ። አንድ ቦታ ከተጠመዘዘ ቱቦው ጠፍጥፎ አይተኛም፤ መፍትሔውም ፈትቶ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። ሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ነው፣ የተለመደው የፊት አሠራር። በክብ ስለምንሄድ የኋላ አሠራር አያስፈልግም። ለ66 ሴንቲ ሜትር 238 ዙር ይፈልጋል፤ በየ50 ዙሩ ባለ ሌላ ቀለም ክር አንጠልጥሉበት። ክሩ ሲያልቅ አትቋጥሩ። የሁለቱን ክሮች ጫፍ በታትናችሁ አደራርቡ፣ በጥቂት ውኃ አርሳችሁ በመዳፍ መካከል አጥብቃችሁ እሹት። ቅርፊቱ ያልተነካ ሱፍ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቋጠሮም በግንባር ላይ አይሰማም።

238ኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ቱቦው አንዴ ከተዘጋ ውስጡን ማግኘት አይቻልም። መጀመሪያ የክር ጫፎችን ሁሉ በውስጥ በኩል ደብቁ። የጅማሬውን ጠርዝ ጠፍጥፉና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በዚያው ክር ስፉት። ከዚያ 65 ቀለበት በአንድ መርፌ፣ 65 በሌላ መርፌ ክፈሉ፣ አንድ ሜትር ክር አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ በጫፈ ደነዝ መርፌ ቀለበትን ከቀለበት እያገናኛችሁ ስፉ። በዚህ መንገድ የተዘጋ ጫፍ ጉብታ የለውም። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙት አናት ላይ ስለሆነ ጉብታ ካለ የብረት ቆብ ያደረገ ሰው በሰዓት ውስጥ ያውቀዋል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። የራሳችሁን ምልክትና የሠራችሁበትን ዓመት ቀለም በማይለቅ ክር ጥለፉበት፤ የመንግሥቱን ቀስት ግን አትቅዱ። ዛሬ እናንተ እውነቱን ብታውቁም ሹራቡ ከእናንተ በኋላ በሌላ እጅ ይሸጣል፣ ያልተለየ ቅጂም ሰብሳቢን ያሳስታል።

[ምስል፦ ሹራቡ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ]

ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ፣ በጥቂት የሕፃን ሻምፖ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ። አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ሙቀትና እሽታ ሲገናኙ የሱፉ ቅርፊቶች ይቆላለፋሉ፤ ሹራቡም አጥሮና ወፍሮ እንደ ባና ይሆናል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁ፣ 25 በ66 አድርጋችሁ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርጉ። ድርብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ግማሽ ሲደርቅ ገልብጡት። ካውያ አታስነኩት። በረኪናማ በፍጹም፤ ሱፍን ያሟሟዋል።

[ምስል፦ ሁለት እጆች ሹራቡን ወደ ኮፍያ ሲቀይሩ]

አደራረጉ ይኸው። እጃችሁን በአንዱ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ ጫፉን ወደ ቱቦው ውስጥ እየገፋችሁ ሌላኛውን ጫፍ እስኪነካ አድርሱት። ቁመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጠርዙን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እጠፉ፣ 23 ይቀራል። ማዕዘኖቹ በግራና በቀኝ ጆሮ አቅጣጫ ይሁኑ።

ወደ አሮጌዎቹ እንመለስ፣ ምክንያቱም ሱፍ ቤት ውስጥ ካለ ብል አለ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በአሜሪካ ጦር ትጥቅና ልብስ ስለነበር፣ ከዘማች ቤተሰብ ሳጥን የአሜሪካ የሱፍ ሹራብ ቢወጣ አይግረማችሁ፤ ለሱም አያያዙ ይኸው ነው። ልብሱን የሚበላው ትሉ እንጂ የሚበረው ብል አይደለም፣ ስለዚህ የሚበረውን መግደል ብቻ አይበቃም። ሹራቡን በላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ አየሩን አስወጡ፣ በደንብ አሽጉ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ከረጢቱን ቶሎ አትክፈቱ። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛውን ሱፍ ሲያገኝ ወዲያው ጤዛ ይሆንበታል፤ ታሽጎ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ አውጥታችሁ በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሳትሰቅሉ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። መስቀያ ላይ የዋለ የሱፍ ሹራብ በራሱ ክብደት ትከሻው ይረዝማል፣ የረዘመው ደግሞ ወደ ልኩ አይመለስም።