«ዌክ»፦ መንቃት ወይስ ነቅቶ ማደር?

[ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል፦ ዌክ]

ጤና ይስጥልኝ! የዛሬው ቃላችን የእንግሊዝኛው «ዌክ» ነው። ትምህርት ቤት «ነቃ» ማለት ነው ተብለን ተምረናል፤ ልክ ነው። ግን ይኸው ቃል ስም ሲሆን፣ አስከሬን ባለበት ቤት ተሰብስቦ ማደር ማለትም ይሆናል። ጠዋት ከእንቅልፍ መነሣትና ለቅሶ ቤት ማደር በምን ተገናኙ?

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ሁለት ግሶች ነበሩት። «ዋካን» መንቃት፣ መነሣት፣ መወለድም ጭምር ነበር። «ዋኪያን» ደግሞ ሳይተኙ መቆየት፣ ነቅቶ መጠበቅ። አንዱ ዓይን የሚገለጥባት ቅጽበት ናት፤ ሌላው ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱ ተቀላቅለው አንድ ግስ ሆኑ።

[ሻማ የበራበት ክፍል]

የለቅሶው «ዌክ» የሁለተኛው ልጅ ነው። በአየርላንድ እስከ ዛሬ ዘመድና ጎረቤት ከሟቹ ጋር ያመሻል፣ ያድራል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የሟቹ ታሪክ ይወራል። ዘብ መጠበቅ የሚባለው «ዎች»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በእጃችን የምናስረው ሰዓት ስሙን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ብዙ ወደሚያጨቃጭቀው «ዎክ» እንምጣ። ከ«ዌክ» የወጣ ነው፤ የዘር መድልዎንና ግፍን ነቅቶ የሚያይ ለማለት ነው። ቃሉ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. በአላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባልሠሩት ወንጀል ተከሰሱ። ሙዚቀኛው ሌድ ቤሊ ስለ እነሱ ዘፍኖ፣ በ1938 በተቀዳ ድምፁ በዚያ አገር የሚያልፉ ወገኖቹን ተጠንቀቁ፣ ነቅታችሁ ቆዩ ይላቸዋል። ልብ በሉ፤ ያ ጥንታዊው «ዋኪያን» ነው፤ አደጋ ባለበት ቦታ አለመተኛት። ቃሉን ለስድብ የሚወረውሩት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የራሳችን «ነቃ» ነው። ልጁ ነቃ እንላለን፤ ጀበናውም ነቃ እንላለን፤ ተሰነጠቀ ለማለት። አንድ ቃል ይመስላል፤ አይደለም። ግዕዙን ስናይ ከእንቅልፍ መንቃት «ነቅሀ» ነው፣ በሀ፤ መሰንጠቅ «ነቅዐ» ነው፣ በዐ። ምንጭ የሚባለው «ነቅዕ»ም መሬት ሰንጥቆ ስለሚወጣ ነው። በአማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹ ሲጠፉ ሁለቱ ቃላት አንድ መልክ ያዙ።

[መርከብ ውኃውን እየከፈለ ሲሄድ]

መርከብ ከኋላው የሚተወው የውኃ ፈለግም በእንግሊዝኛ «ዌክ» ይባላል። እሱ ከእንቅልፍ ጋር አይዛመድም። የቋንቋ አጥኚዎች የሚመልሱት በበረዶ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ወደሚባልበት የጥንት ስካንዲኔቪያ ቃል ነው። እዚያም መንቃትና መሰንጠቅ በአንድ ድምፅ ተገናኙ! የማይተዋወቁ ሁለት ቋንቋዎች ተመሳሳይ አጋጣሚ ገጠማቸው።

ሁለቱ ቋንቋዎች በትርጉም በእውነት የተገናኙበት ቦታ ደግሞ አለ፤ መጽሐፈ ሄኖክ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። እዚያ ውስጥ የማያንቀላፉት መላእክት «ትጉሃን» ይባላሉ። እንግሊዝኛ ተርጓሚዎች «ዎቸርስ» አሏቸው፤ ከ«ዌክ» ሥር የወጣውን ቃል ወስደው። ዛሬ ትጉህ የምንለው ሥራው ላይ የማይሰንፈውን ሰው ነው፤ በግዕዙ ግን ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድር ማለት ነበር።